ስለ አሮጌ ፒያኖ አጠባበቅና አጠጋገን
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)





የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለ ሆነ በቀጥታ ወደ ርእሴ እገባለሁ። ርእሴም «አሮጌ ፒያኖ እንዴት ይጠበቃል? ሲጐዳስ እንዴት ይጠገናል?» የሚል ነው።

ምናልባት ከወላጆች መካከል «በወግዲ ምድር ስለ በሬና ስለ ማረሻ መናገር ሲገባ ስለ ፒያኖ መናገር ምን ይጠቅማል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ ግን ይህ ነው፤ ማረሻውን አስሎ፣ ቀንበሩን ጠግኖ፣ የተሰበረውን ሞፈር ለውጦ የሚያርስ ገበሬ የንግግሬን ፍሬ ነገር ከእኔ ይልቅ ያውቃል። ማናቸውም መሣሪያ የሚኖረው በጠባቂው ነውና።

ሁላችሁም እንደምታውቁት በአዳራሻችን ውስጥ አንድ ጥቁር ፒያኖ አለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርን ሁሉ መዝሙር የለመድነው በእርሱ ነው። መምህራኑ ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለእኛ ትተውት ሄዱ። አሁን ግን ከቁልፎቹ አንዳንዶቹ ሲጫኗቸው አይመለሱም፤ አንዳንዶቹም ሦስት ድምፅ በአንድነት ያሰማሉ። ስለዚህ በወላጆች ኮሚቴ ስብሰባ ላይ «ጣውላው ለወንበር መሥሪያ ይሁን፤ በምትኩ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ይገዛ» የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ይህ ሐሳብ የመጣው ከክፋት አይደለም፤ ለትምህርት ቤቱ ከማሰብ ነው። ነገር ግን ከመፍረዳችን በፊት ዕቃው ምን እንደ ሆነ፣ በምን ምክንያት እንደ ታመመ፣ በምንስ እንደሚድን መመርመር ይገባናል። በሽተኛ ሳይመረመር «አይድንም» የሚል ሐኪም ይኖራልን?

ፒያኖን የፈለሰፈው በርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ የተባለ ኢጣሊያዊ የሙዚቃ መሣሪያ ሠሪ ነው። ዘመኑም በፈረንጆች አቆጣጠር በ1700 ገደማ፣ ስፍራውም የፍሎሬንስ ከተማ ነው። እርሱ በ1720፣ በ1722 እና በ1726 የሠራቸው ሦስት ፒያኖዎች እስከ ዛሬ በኒው ዮርክ፣ በሮማና በላይፕሲግ ይገኛሉ። እንግዲህ ሦስት መቶ ዓመት የቆየ ፒያኖ ካለ፣ ፒያኖን የሚገድለው ዕድሜ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የውስጡን አሠራር በአጭሩ ልግለጽ። የዛሬው ፒያኖ 52 ነጭና 36 ጥቁር፣ በድምሩ 88 ቁልፎች አሉት። ጣታችን አንዱን ቁልፍ ሲጫን፣ በውስጥ ያለ ትንሽ መዶሻ ተነሥቶ አውታሩን ይመታና ወዲያው ይመለሳል። የመዶሻው ራስ «ፌልት» በሚባል በተጠቀጠቀ ሱፍ የተሸፈነ ነው። ጣታችንን ስናነሣ ደግሞ ሌላ የሱፍ ማፈኛ በአውታሩ ላይ ዐርፎ ድምፁን ያቆማል። ወፍራሞቹ ድምፆች አንድ አንድ አውታር፣ የመካከለኞቹ ሁለት ሁለት፣ የቀጫጭኖቹ ሦስት ሦስት አውታር ስላላቸው፣ የአውታሩ ጠቅላላ ቁጥር ወደ 230 ይደርሳል። እያንዳንዱም በአንድ የብረት ችንካር ላይ ተጠምጥሟል።

የእነዚህ አውታሮች ጕልበት ሲደመር ከ15 እስከ 20 ቶን ነው። ይህም ከ150 እስከ 200 ኩንታል እህል ክብደት ማለት ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአባቶቻችን ተረት እዚህ ላይ በእውነት ይታያል። ይህን ሁሉ ጕልበት የሚችለው በውስጡ ያለው ትልቅ የብረት ክፈፍ ነው። ስለዚህ የክፈፉን ብሎን ማንም ሰው ለሙከራ ብሎ መንካት የለበትም፤ አደጋው ለዕቃው ብቻ ሳይሆን ለሰውም ነው።

ከአውታሮቹ በስተጀርባ «የድምፅ ገበታ» የሚባል ሰፊና ስስ ጣውላ አለ። አውታር ብቻውን ቢመታ ድምፁ ትንሽ ነው፤ የሚያጐላው ይህ ገበታ ነው። ለበገና የቆዳው ገበታ እንደ ሆነለት ማለት ነው። የፒያኖም በሽታ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በምን ምክንያት? እንጨት ከተቈረጠ በኋላም ቢሆን እርጥበት ይጠጣል፣ ይተፋልም። የእኛ አገር ደጋ ነው። ክረምት ሲገባ ጭጋጉ በር ከፍቶ እንደ ገባ እንግዳ በቤት ውስጥ ይሰነብታል። ያን ጊዜ የድምፅ ገበታው ያብጣል፤ ሲያብጥም አውታሮቹን ወደ ውጭ ስለሚገፋቸው ይወጠራሉ፤ ድምፁም ከልኩ በላይ ይወጣል። የቁልፎቹ እንጨትና በቀዳዳቸው ያለው ጨርቅም ስለሚያብጥ ቁልፎቹ ይይዛሉ። በጋ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ገበታው ይደርቅና ይኰማተራል፤ አውታሮቹ ይላላሉ፤ ድምፁ ይወርዳል። ድርቀቱ ከበረታም ገበታው ይሰነጠቃል፤ ችንካሮቹ የተተከሉበትም ጣውላ ስለሚደርቅ ችንካሮቹ አልጸና ይላሉ። እንግዲህ ፒያኖ በዓመት ሁለት ጊዜ ይተነፍሳል ብንል ስሕተት አይሆንም። የሚጐዳው መተንፈሱ ሳይሆን፣ ከእስትንፋሱ በኋላ የሚቃኘው ማጣቱ ነው።

አሁን የንግግሬ ዋና ነገር ላይ ደርሻለሁ። በአገራችን በገና የሚደረድር ሰው፣ አሥሩን አውታሮች የሚቃኝ ራሱ ነው። ጅማቱ ሲበጠስ ይለውጣል፤ እንዚራው ሲያረጅ ሌላ ቆዳ ያበጃል። ክራር መቺውም ከትዝታ ወደ ባቲ፣ ከባቲ ወደ አምባሰል ሲሻገር አውታሩን ራሱ ያጠብቃል፣ ራሱ ያላላል። ማሲንቆ የሚመታውም የፈረስ ጭራውን ራሱ ያስራል። በእኛ ዘንድ ተጫዋቹና ጠባቂው አንድ ሰው ነው። በፒያኖ ግን የሚጫወተው ሌላ፣ የሚቃኘው ሌላ ነው። ይህ ልማድ በየከተማው ቃኚ በሚገኝበት በአውሮፓ ምንም አይጐዳም። ቃኚው በሌለበት እንደ እኛ ባለ አገር ግን ፒያኖው ወላጅ እንደ ሞተበት ልጅ ይሆናል። ስለዚህ ፒያኖአችን የታመመው ስላረጀ አይደለም፤ ጠባቂ ስላጣ ነው። መድኃኒቱም የበገና ደርዳሪውን ልማድ ወደ ፒያኖ ማምጣት ነው።

«ፒያኖ የባዕድ ዕቃ ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ለሚል ሰው ደግሞ ሁለት ምስክሮች አቀርባለሁ። የመጀመሪያዋ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ናቸው። እማሆይ በ1916 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ፤ በልጅነታቸው ወደ ስዊስ አገር ተልከው ቫዮሊንና ፒያኖ ተማሩ። በጠላት ወረራ ዘመን፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ከቤተሰባቸው ጋራ በግዞት ወደ ኢጣሊያ ተወሰዱ። ከነፃነት በኋላ በካይሮ ከተማ ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ መምህር ዘንድ ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ከዚያም ይህን ዓለም ንቀው፣ በዚሁ በእኛው በወሎ፣ በግሸን ማርያም በምንኵስና ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። ወደ ፒያኖ በተመለሱ ጊዜ ግን በጣቶቻቸው የተሰማው የአውሮፓ ዜማ ብቻ አልነበረም፤ የቤተ ክርስቲያናችንና የአገራችን ቅኝት በውስጡ ነበረበት። የመጀመሪያው ሸክላቸው በ1967 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር ታተመ፤ ገቢውንም ለድሆች መርጃ አዋሉት። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ዐረፉ። ሁለተኛው ምስክር ግርማ ይፍራሸዋ ነው። እርሱ በልጅነቱ የጀመረው በክራር ነበር፤ በአዲስ አበባ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ፒያኖ ተማረ፤ በቡልጋሪያም በሶፊያ ከተማ ትምህርቱን ቀጠለ። የኢትዮጵያን ዜማዎች በፒያኖ ለዓለም አሰምቷል። እንግዲህ መሣሪያው የሚጫወትበት ሰው ነው እንጂ የመጣበት አገር አይደለም።

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። በቅድሚያ ያለ ምንም ወጪ እኛ ተማሪዎች ልናደርገው የምንችለውን ልናገር። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ጥበቃ ከጥገና ይቀድማል።

አንደኛ፣ ቦታው ነው። ፒያኖ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት አጠገብ፣ በምድጃ አጠገብ፣ ወይም ውኃ በሚያንጠባጥብ ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ የለበትም። ወደ ውስጥ ባለው ግድግዳ በኩል፣ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ያህል ራቅ ብሎ ይቀመጥ። የድንጋይ ግድግዳ በክረምት እርጥበት ያስተላልፋልና። የሚሸፈነውም በጨርቅ ይሁን፤ ላስቲክ እርጥበቱን በውስጥ አፍኖ ይይዛል።

ሁለተኛ፣ ንጽሕናው ነው። ቁልፎቹ በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ተጠርገው ወዲያው በደረቅ ይታበሱ። ሳሙና፣ ላምባና አልኮል አይነኳቸውም። በውስጥ ያለው አቧራ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ፤ አውታሮቹን ግን በላብ እጅ መንካት ዝገት ያመጣል። የቡና ስኒ፣ የአበባ ዕቃና የውኃ ብርጭቆ በፒያኖ ላይ አይቀመጡ። ፒያኖ ጠረጴዛ አይደለም።

ሦስተኛ፣ ብልና አይጥ ናቸው። ፌልት ሱፍ ስለ ሆነ ብል ይበላዋል፤ አይጥም ከቁልፎቹ ሥር ጎጆ ትሠራበታለች። ብል የሚወደው ጨለማና ጸጥታን ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት በየጊዜው ከፍቶ ማየትና ዘወትር መጫወት ነው። አንዳንድ ሰው «በወይራ ይታጠን» ይላል። ወይራ ማጠን ለወተት ዕቃ መልካም ነው፤ በፒያኖ ላይ ግን ጥቀርሻ ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም።

አራተኛ፣ ዘይት ነው። ይህን በተለይ እንድታስታውሱልኝ እለምናለሁ። ቁልፍ ሲይዝ ወይም ችንካር ሲያስቸግር ዘይት የሚያፈስ ሰው፣ የሚረዳ መስሎት ይገድለዋል። ችንካሩ የሚጸናው በእንጨቱ ሰበቃ ነው፤ ዘይት ወደ እንጨቱ ከገባ አውታሩ ዳግመኛ አይጸናም። በሱፉ ላይ የፈሰሰ ዘይትም አቧራ እየሰበሰበ እንደ ሙጫ ይሆናል። ቁልፍ ሲይዝ አስቀድሞ መፈለግ ያለበት በመካከል የወደቀ ሳንቲም፣ እርሳስ ወይም ጠመኔ ነው። ምንም ካልተገኘ ምክንያቱ የክረምቱ እብጠት ይሆናል፤ ደረቅ ወራት ሲመጣም ብዙ ጊዜ በራሱ ይለቃል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው መቃኘት ነው። ለዚህ የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፤ ለችንካሩ ራስ በልኩ የተሠራ መቃኛ፣ ሌሎቹን አውታሮች ዝም የሚያሰኝ ጨርቅና ጎማ፣ በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ የመቃኛ ሹካ። የመካኒክ ፒንሳ ግን የችንካሩን ራስ ስለሚያበላሽ ፈጽሞ አይሆንም። ቃኚው የሚሠራው በጆሮው ነው። ለምሳሌ አንዱ አውታር በሴኮንድ 440 ጊዜ፣ ጎረቤቱ 442 ጊዜ ቢንቀጠቀጥ፣ ድምፁ በየሴኮንዱ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ እያለ ይወዛወዛል። ቃኚው ውዝዋዜው ቀስ እያለ እስኪጠፋ ድረስ ችንካሩን በጣም በትንሹ ያዞራል። ይህን ለመስማት ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ትዕግሥትም ያስፈልጋል።

የሒሳብ ተማሪዎች ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ነገር እዚህ ያገኛሉ። ጥሩ አምስተኛ ድምፅ የሚባለው የ3 እና የ2 ንጽጽር ነው። አንድና ተኩልን ዐሥራ ሁለት ጊዜ በራሱ ብናበዛው 129.7 ያህል ይሆናል። ሁለትን ሰባት ጊዜ በራሱ ብናበዛው ግን 128 ነው። ሁለቱ መንገዶች በፒያኖ ላይ ወደ አንድ ቁልፍ ያደርሳሉ፤ ቁጥራቸው ግን አይገጥምም። ስለዚህ ቃኚው ትርፉን በዐሥራ ሁለቱ ላይ በእኩል ያካፍለዋል፤ እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ይተዋል፤ ሁሉም በሰላም ይኖራሉ። ክራር መቺ ለየዜማው አውታሩን ይለውጣል፤ 230 አውታር ላለው ፒያኖ ግን ይህ ስለማይቻል፣ እንዲህ ያለ ዕርቅ ተፈለሰፈለት።

ለብዙ ዓመት ሳይቃኝ የቆየ ፒያኖ ሲሆን ጥንቃቄው ይበልጣል። በአንድ ቀን ወደ ልኩ ልመልሰው ቢሉ የዛጉት አውታሮች ይበጠሳሉ። ደግሞም የመጨረሻዎቹ ሲወጠሩ የመጀመሪያዎቹ መልሰው ይላላሉ። «ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ነውና፣ አንድ ጊዜ በግምት ከፍ አድርጎ፣ ጥቂት ሳምንት አሳርፎ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ማስተካከል ይገባል። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ይበቃል፤ ክረምቱ ወጥቶ አየሩ በጸና ጊዜ በኅዳር፣ ክረምቱ ገብቶ በጸና ጊዜ በሐምሌ መጨረሻ። ገንዘቡ ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ደግሞ በየዓመቱ በዚያው በአንድ ወር ይሁን።

ጥገናም እንደ ጕዳቱ ነው። አውታር ቢበጠስ በዚያው ውፍረት ያለው ሌላ ሽቦ ይተካል። ችንካር ቢላላ በጥቂቱ የሚወፍር ሌላ ችንካር ይተከላል። የመዶሻው ሱፍ በአውታሩ ተቦርቡሮ ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ቢሆን፣ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ይስተካከላል፤ ጠንክሮ እንደ ሆነም በመርፌ ይለሰልሳል። የድምፅ ገበታው ቢሰነጠቅ እንኳ ሁልጊዜ ሞት አይደለም። የብረት ክፈፉ ከተሰነጠቀ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተስፋ የለውም። ስለዚህ በእኛ ፒያኖ ላይ ከመፍረድ በፊት መጀመሪያ መታየት ያለበት ክፈፉ፣ ቀጥሎም የችንካሮቹ ጽናት ነው። እነዚህ ሁለቱ ደኅና ከሆኑ የቀረው ሁሉ የእጅ ሥራ ነው። የእጅ ሥራ ደግሞ በአገራችን ሞልቷል። ከሱፍ ባና የሚሠራ ሸማኔ፣ ከዋንዛ ሙቀጫ የሚፈለፍል ጠራቢ፣ ማረሻ የሚያወጣ ብረት ቀጥቃጭ ባለበት አገር፣ ሱፍን፣ እንጨትንና ብረትን የሚያውቅ እጅ የለም ማለት አይቻልም።

ስለ ኤሌክትሪኩ መሣሪያም በቅን ልብ ልናገር። ቀላል ነው፤ መቃኘትም አያስፈልገውም። ለጀማሪ ተማሪም ይጠቅማል። ነገር ግን መብራት ሲጠፋ ድምፁም ይጠፋል፤ የውስጡ ሰሌዳ ሲቃጠልም በመርፌና በሽቦ የሚያድነው ሰው በአቅራቢያችን አይገኝም። አሮጌው ፒያኖ ግን ሆዱ ሲከፈት ሁሉ ነገር በዓይን ይታያል። የድምፅ ትምህርት፣ የሒሳብ ትምህርትና የእንጨት ሥራ ትምህርት በአንድ ሣጥን ውስጥ ተሰብስበዋል። ይህን ለወንበር መሥሪያ ማዋል መጽሐፍ ቀዶ ስኳር እንደ መጠቅለል አይሆንምን?

በዚህ ምክንያት ለትምህርት ቤታችንና ለወላጆች ኮሚቴ ሦስት ሐሳቦች በትሕትና አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ፒያኖው ከመፍረሱ በፊት አንድ ዐዋቂ ከአዲስ አበባ መጥቶ ክፈፉንና ችንካሮቹን ይመርምርልን፤ ለመንገዱ የሚሆነውን ገንዘብ እኛ ተማሪዎች በቴአትርና በመዝሙር ለመሰብሰብ ዝግጁ ነን። ሁለተኛ፣ ያ ዐዋቂ በሚሠራበት ጊዜ ከ9ኛ ክፍል የተመረጡ ሁለት ተማሪዎች አጠገቡ ቆመው ይማሩ፤ እነርሱም ሲጨርሱ ከሥራቸው ላሉት ያስተምሩ። ሦስተኛ፣ በፒያኖው ውስጥ አንድ ደብተር ይቀመጥ፤ የተቃኘበት ቀን፣ የተለወጠው አውታር፣ የያዘው ቁልፍ፣ የዝናቡና የድርቀቱ ወራት ይጻፍበት። እኛ የዘንድሮ ተመራቂዎች ብንሄድም ደብተሩ ይቀራል፤ የሚመጣው ጠባቂም ከባዶ አይጀምርም።

ጓደኞቼ ሆይ፣ ከዚህ በዓል በኋላ አንዳንዶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ አንዳንዶቻችን ወደ ሥራ እንበታተናለን። በሄድንበት ሁሉ ሰው የተወው ፓምፕ፣ የቆመ ወፍጮ፣ ገጹ የተገነጠለ መጽሐፍ እናገኛለን። አዲስ እስኪመጣልን ቁጭ ብለን ከመጠበቅ፣ ያለውን ከፍተን ማየትን እንልመድ። አዲስ መግዛት ገንዘብ ያለው ሁሉ ያደርገዋል፤ ያለውን ማኖር ግን የተማረ ሰው ምልክት ነው።